የጣውንቷ ሞተር

ልብስ ሰፊዋ የባሏን መኪና «ጣውንቴ» ማለት የጀመረችው ገና ሙሽራ ሳለች ነው። ሰውየው መካኒክ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሲጠግን ይውልና ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ጓሮ ወደቆመችው ዝቅ ያለች ቀይ አሮጌ ስፖርት መኪና ይሄዳል። ሞተሯ ሮታሪ ነው፤ እንደሌላው ፒስተን የለውም፣ ሆዱ ውስጥ የሚሽከረከረው ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ነው። ቤንዚን ትጠጣለች፣ ዘይት ትጠጣለች፣ ስታኮርፍ አትነሳም። ስትነሳ ግን ድምጿ እንደ ንብ ቀፎ ነው፤ ያን ጊዜ የሰውየው ፊት ይፈታል። ሴትየዋም ያንን ፊት ስትል ጣውንቷን ችላ ኖረች።

ዘንድሮ ሞተሩ ጉልበት አጣ። ውስጡ ያሉት ሲሎች፣ ጉልበቱ እንዳያመልጥ የሚያፍኑት ቀጫጭን ብረቶች፣ አልቀዋል። ሰውየው አውርዶ ፈታው፣ አዳዲስ ሲሎችም አስመጣ። ከዚያ ወዲያ ግን ሞተሩ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ለብሶ ቀረ። አንድ ቀን ጎረቤታቸው በያጁ የሚኒባስ ሞተር በጋሪ እየገፋ ግቢያቸው ገባ።

«እሰይ! ጣውንትሽ አዲስ ልብ ሊተከልላት ነው» አላት እየሳቀ። «ያ እንዝርት ይጣልና ሰው የሚያውቀው ሞተር ይግባላት። ቅዳሜ እንገጥመዋለን።»

ባሏን ዞራ አየችው።

«አርጅቷል» አለ ሰውየው። «እኔም ሰልችቶኛል።»

ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ስንት ዘመን «ሽጣት፣ ገላግለኝ» ስትል የኖረች እሷው ናት። ድምፁ ግን የሰለቸው ሰው ድምፅ አልነበረም።

በያጁ ሞተሩን ከነጋሪው ትቶ እንደወጣ ባሏን ጓሮ ተከተለችው። ጨርቁን ገልጦ፣ ከጥፍር የማትሰፋ ቀጭን ሞላ በወረንጦ ይዞ ቦታዋ ሊያስገባ ሲሞክር እጁ ተንቀጠቀጠ። ሞላዋ ተፈናጥራ ወደቀች። ሌላ አነሳ፤ እሷም ወደቀች። ወረንጦውን ጥሎ ጣቶቹን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ደነገጠ። «ምኑ?»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔን አታሞኘኝ።»

«ቡሎን ሲሆን ምንም አይለኝም» አለ። «ትንንሹ ነው እምቢ ያለኝ። በያጁ እንዳይሰማ። እጁ ለሚንቀጠቀጥ መካኒክ ማን መኪናውን ያምናል?»

ተንበርክካ የወደቁትን ለቀመች። የስፌት መነጽሯን አምጥታ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«በል አሳየኝ።»

«ቁልፍ መትከል መሰለሽ እንዴ?»

«ቁልፍ መትከል ቀላል መሰለህ?»

ሳቀ። ሳቁን ከሰማች ሰንብታለች። ሲሏ እንዳትወድቅ ቫዝሊን ትቀባለች፣ ከሥሯ ሞላዋ ትገባለች፤ አንዷ ከተገለበጠች ሞተሩ ራሱን በራሱ ይበላል። እሱ በዓይኑ እየመራ፣ እሷ ትንፋሿን ይዛ ገጠመች።

«ቀስ... ኧረ ተገለበጠ! የጎበጠው ወደ ታች።»

«አትጩህብኝ።»

«አልጮህኩም የኔ እናት።»

ክዳኑን ሁለት ሆነው ከላይ ከደኑበት። ቡሎኖቹን እሱ አጠበቀ፤ እውነትም እጁ ጸጥ አለ።

ቅዳሜ በያጁ መጥቶ ተገጥሞ ያለቀውን ሞተር ሲያይ አፉን ያዘ። ከዚያ እሱም አግዟቸው በሰንሰለት አንስተው መኪናዋ ውስጥ አስገቡት። ሰውየው ቁልፉን ሲያዞር ደጋግማ አንገራገረች፣ አሳላት፣ ከዚያ ግቢውን በነጭ ጭስ ሞልታ ተነሳች። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሷን ጨብጣ ድምፁ እስኪስተካከል ጠበቀች። ተስተካከለ።

«አንተ፣ እንዲህ አድርገህ ገጠምካት?» አለ በያጁ ዓይኑን እየጠረገ።

ሴትየዋ ለባሏ «እሺ በለው» ብላ በዓይኗ ጠቀሰችው። ሰውየው ግን ራሱን ነቀነቀ።

«እሷ ናት የገጠመችው። የኔ እጅ ትንንሹን አልይዝ ብሏል።»

በያጁ አንዴ ሰውየውን፣ አንዴ ሴትየዋን አየ። ሴትየዋ ወሬው በሰፈሩ ይዞር ይሆን ብላ ሰጋች። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ የጋሪውን እጀታ ያዘ።

«እንግዲህ ይሄን ሬሳ ወደመጣበት ልመልሰው» አለ። «አንቺ ግን ለእኔም ሞተር እጅሽን ታውሺኛለሽ?»

«እኔ ከጣውንቴ በቀር የማንንም አልነካም» አለችው፤ ባሏም ጎኑ ያለውን በር ከውስጥ ከፈተላት።