የደሴቲቱ ቅል

ወደ ማልታ እንደምሄድ ስነግራት እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ አውሮፕላኑ አልነበረም፤ ስለ እባቡ ነው። «መላጥያ አይደለችም እንዴ? ቅዱስ ጳውሎስን እፉኝት እጁን የያዘችው እዚያ አይደል? ጫማህን ሳታራግፍ እንዳታጠልቅ!» አለችኝ። እባብ ከማንጎው ስር በማይጠፋበት በአሶሳ እየኖረች ለሜዲትራንያን ባሕር እባብ መጨነቋ አሳቀኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። ለእሷ መጽሐፍ ላይ የተጻፈ እባብ ጓሮ ከሚዞረው ይበልጣል።

የጉዞው ባለቤት ግን እኔ ሳልሆን ዙምባራ ነው። ዙምባራ ረጃጅም ቅሎች እርስ በርስ እየተሰካኩ የሚሠራ የበርታዎች የትንፋሽ መሣሪያ ነው። አንዱ ዙምባራ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ዜማ የሚሆነው ነፊዎቹ ተሰልፈው እያንዳንዱ ተራው ሲደርስ የራሱን ድምፅ ጣል ሲያደርግ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» የተባለው ዙምባራን ያየ ሰው ተናግሮት ይመስለኛል። አንዱ ሲጎድል ደግሞ ዜማው ጥርሱ የወለቀ አፍ ይሆናል።

እኔ ዙምባራን የማውቀው ከዳር ቆሜ ነው። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ናቸው። እኔ ግን አሶሳ ተወልጄ፣ አሶሳ ማንጎ ላይ ወጥቼ ወድቄ፣ አሶሳ አስተማሪ ሆኛለሁ። እንዲያም ሆኖ «አገርህ የት ነው?» መባሉ አልቀረልኝም። አሶሳ ስል «አይ፣ ዋናውን ነው የጠየቅንህ» ይሉኛል። ያበግነኛል! ልጅ ሳለን መኸር ሲገባ ከወንዙ ማዶ ዙምባራ ከተሰማ ማን ይይዘናል? በሩጫ ነው። ያበሉናል፣ እንጨፍራለን፣ ማንም ሂዱ አላለንም። ማንም ደግሞ «እንካ፣ ንፋ» አላለኝም። ያን ጊዜ በጣም እመኘው ነበር። ትልቅ ሰው ስሆን ምኞቱ ሳይሆን ማውራቱ ነው የቀረው።

የነፊዎቹ አለቃ አንድ ሸኽ ናቸው፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሲስቁ ከአፋቸው ይልቅ ትከሻቸው የሚስቅ ሽማግሌ። አንድ የማልታ መንደር ለበዓሉ ሲጋብዛቸው እንግሊዝኛ የሚችል ሰው አስፈለጋቸውና እኔን መረጡ። ልንነሳ ስንል ግን አንድ ነገር ያዛቸው። ዙምባራ ከተሰቀለበት ጣሪያ የሚወርደው በመኸር ብቻ ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ ገና መስከረም፣ ማሽላው አረንጓዴ።

«እዚያ አገር አሁን ምን ይሰበስባል?» አሉኝ።

ደውዬ ጠየቅሁ። ወይን እየተለቀመ ነው አሉኝ።

«ታዲያ መኸር ነው» አሉ። «የእኛ ባይሆን የሰው መኸር ነው።» ዙምባራዎቹም ወረዱ።

ዋና ከተማዋ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ የተፈለፈለች ትመስላለች። ድንጋዩ የማር መልክ አለው፤ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ግንቡ ሁሉ ይቀላል። የድሮ ተዋጊዎች የሠሩትን ምሽግ፣ መርከቦቹን ቁልቁል የሚያዩ መድፎችን፣ መንገድ ላይ የተንጠለጠሉ የእንጨት ሰገነቶችን እያየን ደረጃ ወጣን፣ ደረጃ ወረድን፣ እንደገና ደረጃ ወጣን። ሸኹ በየደረጃው ዞር እያሉ «ቅል! ቅል ተጠንቀቅ!» ይላሉ። አንዱ ነፊ ዙምባራውን ግድግዳ ቢያስደግፍ ጮኹበት። ሌላው ፎቶ ሊነሳ አጎንብሶ ቢያስቀምጥ አባረሩት። ሁላችንም ተማረርን።

በማግስቱ በዓሉ ወዳለባት ትንሿ ደሴት በጀልባ ተሻገርን። ባሕሩ ሰማያዊ፣ ነፋሱ ብርቱ ነበር። ሸኹ ደንገጥ ቢሉም እንዳይታወቅባቸው ቆመው ይመክሩናል። ድንገት ጀልባው ዘመም ሲል ወደኋላ ተንገዳገዱና በገዛ ዙምባራቸው ላይ ቁጭ አሉበት። ድምፁን ሁላችንም ሰማነው፤ ቋ!

ሳቄን ለመያዝ ፊቴን ወደ ባሕሩ አዞርኩ። ሳያቸው ግን ሳቄ ጠፋ። ስንጥቁን በጣታቸው ይዳስሱ ነበር። የእሳቸው ዙምባራ ዜማውን የሚከፍተው ነው። «ድምፅ ጎደለ» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ድምፅ ከጎደለ አንነፋም። ነገ ዝም ብለን እንመለሳለን።» ያን ሁሉ አገር አቋርጠን አንድ ጊዜ እንኳን ሳንነፋ ልንመለስ መሆኑ አንገበገበኝ።

ከሰዓት በኋላ አስተናጋጆቻችን ማናችንም አይተን የማናውቀው ያረጀ ቤተ መቅደስ ሊያሳዩን ወሰዱን፤ ድንጋዮቹ ዝሆን ዝሆን ያካክላሉ። ሸኹ ከጀልባው ጀምሮ አንገታቸውን እንደደፉ ናቸው። አስጎብኚው በአፈ ታሪኩ መሠረት ድንጋዮቹን የተሸከመችው ልጇን ያዘለች ግዙፍ ሴት እንደሆነች ነገረን። ስተረጉምላቸው ቀና አሉ።

«ሴት ነው የተሸከመ?»

«ሴት ናት፣ ሸኽ።»

«እሺ፣ እውነት ነው። እኛም አገር የሚሸከም ሴት ነው።» ትከሻቸው ትንሽ ሳቀ። እኔም ተስፋ አደረግሁ።

ያደርንበት ቤት ባለቤት አንዲት አሮጊት ገበሬ ነበረች። ግቢዋ የወይን ሐረግ ለብሷል፤ እኛን ተቀብላ ዳቦና ቲማቲም አቀረበች። ሸኹ ግን ዳቦውን ትተው በሩ አጠገብ ያለውን ሚስማር ያያሉ። ሚስማሩ ላይ ረጅም፣ ደረቅ፣ አንገቱ ትንሽ ጠመም ያለ ቅል ተንጠልጥሏል። ልተረጉም አፌን ስከፍት እሳቸው ቀድመውኝ በዓረብኛው ስሙ ጠሩት። የደሴቲቱ ቋንቋ ብዙ የዓረብኛ ቃል አለውና አሮጊቷም ገብቷት ያንኑ ስም በራሷ አጠራር መለሰችላቸው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ በእጅም፣ በቃልም፣ በሳቅም ሲነጋገሩ ተርጓሚው እኔ ዳቦዬን በላሁ።

ለመጨረሻው ነገር ብቻ ፈለጉኝ። «ምን ሥራ ይሠራበታል? ጠይቀው» አሉኝ።

ጠየቅኋት። ወይን ጠጅ ከበርሜል ትቀዳበታለች።

ሸኹ እሳት እንደነካው ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። ነፊዎቹም አጉረመረሙ። አንዱ አስካሪ የነካ ቅል አፍ ላይ አይደረግም አለ። ሌላው ዋናው ነገር ይህ አይደለም፣ የሌላ አገር አፈር ያበቀለው ቅል ከእኛው ጋር አይስማማም አለ። ይሄኛው ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ደረቴ ላይ አረፈ። ሸኹ ምን እንደሚሉ ጠበቅሁ።

ሸኹ አሮጊቷን በእጃቸው አስፈቅደው ቅሉን ከሚስማሩ አወረዱና ወደ ባሕሩ ሄዱ። ተከተልናቸው። ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገቡና አጠቡት፣ አሸዋ ጨምረው ፈተጉት፣ እንደገና አጠቡት። «ለመጠጡ ውሃ አለ» አሉ። «ይሄ ሁሉ ባሕር ምን ይሠራል?» ከዚያ ወደ ሁለተኛው ነፊ ዞሩ። «አፈሩ አልክ? ጆሮ ቅልን የት በቀልክ ብሎ አይጠይቅም። ከሌላው ጋር ይሄዳል ወይ? ጥያቄው ይሄ ነው።»

አደረቁት፣ ጫፉን ቆረጡት፣ ከቀሩት የዙምባራቸው ቅሎች ጋር ሰኩት፣ ነፉት። ድምፁ ወፍራም ነበር። ቆረጥ አደረጉትና እንደገና ነፉ፤ ገጠመ። አፈሩን ያነሳው ነፊ ራሱ ቀድሞ ሳቀ።

በማግስቱ ማታ የመንደሩ የናስ ማርሽ ባንድ ሲጨርስ የእኛ ሰዎች ወጡ። ዜማውን ያ ጠማማ ቅል ከፈተው። ሕዝቡ ለጥቂት ጊዜ ፈዞ አየ፤ ከዚያ አሮጊቷ እጇን እያወዛወዘች መሐል ገባች፤ ከዚያ ማን የቆመ አለ? እኔም ጨፈርኩ፤ እንደ ልማዴ ከዳር። ስንሄድ ሸኹ የተሰነጠቀውን ቅል ለአሮጊቷ ሰጧት፤ ባዶው ሚስማር ላይ ሰቀለችው።

ኅዳር ላይ ማሽላው ደረሰ። ከወንዙ ማዶ ዙምባራ ሲወርድ እናቴን ይዤ ሄድኩ። ከማልታ ስመለስም ከሁሉ በፊት የጠየቀችው ያው ስለ እባቡ ነበርና አንድም እንዳላየሁ ሸኹ ራሳቸው እንዲመሰክሩላት ፈለግሁ። እሳቸው ግን እናቴን ሰላም ብለው ሲያበቁ ያን ጠማማ አንገት ያለውን ዙምባራ አነሱና ለእኔ ዘረጉልኝ።

«ጥርሴ አረጀ» አሉ። «እንካ፣ ንፋ።»

በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ሰልፉ ውስጥ ቦታ ለቀቁልኝ፤ የለቀቀልኝ ያ የአፈሩን ነገር ያነሳው ሰው ነበር። ከፈትኩ፣ ቀጣዩ ተቀበለኝ፣ ዜማው ዞሮ ዞሮ ወደኔ ሲመጣ ነፋሁ። ደስታዬን ደብቄው አላውቅም፤ ያን ቀንም አልደበቅሁትም፣ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር።

ስንመለስ እናቴ መንገድ ላይ «ከዚያ ሁሉ መሐል ያንተ ድምፅ የትኛው ነበር?» አለችኝ።

ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ለይቼ አልሰማሁትም ነበር።