የወልዴ ግራ ጆሮ

መኪናው ገና ሳይቆም፣ ወልዴ ከጋራዡ ደጃፍ ሆኖ "የኋላ ግራ ጎማህን ፍታው፤ ፍሬኑ ብረት ለብረት ሆኗል" ይል ነበር። ሲፈታ እንዳለው ነው። ወልድያ፣ ጎንደር በር በሚባለው ሰፈር መካኒክ ሞልቷል፤ ሾፌሮች ግን "ወልዴ ዘንድ መኪና ራሱ ይናዘዛል" እያሉ ተራ ይጠብቁለት ነበር።

በነሐሴ 2013 ከተማዋ በከባድ መሣሪያ ስትናጥ አንዱ የመድፍ ጥይት ከጎረቤት አጥር ሥር ወደቀ። ወልዴ አቧራውን አራግፎ ተነሣ፤ ጭረት እንኳ አላገኘውም። ግራ ጆሮው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያፏጫል እንጂ አይሰማም። የነገረው ለሚስቱ ለአለሚቱ ብቻ ነው።

"ለሰው ንገር፤ ምን ነውር አለው?" አለችው።

"ለደንቆሮ መካኒክ ማን መኪና ይሰጣል?"

ታኅሣሥ ላይ ከተማዋ ስትረጋጋ ጋራዡን ቢከፍት መፍቻውም ክሪኩም ተዘርፎ ጠበቀው። ከዚህም ከዚያም ተውሶ ሥራ ጀመረ። ጥር ላይ ኡበይደላ መጣ፤ ከመርሳ ወልድያ ሚኒባስ የሚነዳ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ደንበኛው ነው።

"ጋሽ ወልዴ፣ ከፊት ጎማ ድምፅ አለ። ፍጥነት ስጨምር እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል። ትናንት ስሪንቃ አካባቢ አንዲት እናት ድሮን መስሏቸው 'አውርዱኝ!' ብለው ጮኹ። ደግሞ ወደ ቀኝ ስታጠፍ..."

"አንተ መሪህን ያዝ፤ የምሰማው እኔ ነኝ" ብሎ አቋረጠው።

ከጎኑ ተቀምጦ ከከተማ ወጡ። ማጉረምረሙ በደንብ ይሰማል። ግን ከየት? ወልዴ አንገቱን ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ። ሁሉም ነገር የሚመጣው በመስኮቱ በኩል፣ በደህናው ጆሮው ነው።

"ቀኙ ነው" አለ በመጨረሻ። "ጎማውን የሚያዞረው ኩሽኔታ አልቋል።"

በዚያን ሰሞን ኩሽኔታ እንደ መድኃኒት ይፈለግ ነበር። ወልዴ የነበረችው አንዲት ብቻ፣ ሐራ መንገድ ላይ ከተገለበጠ መኪና የፈታት ናት። እሷን ቀኙ ላይ ገጠመ። የወጣችውን በቤንዚን ቢያጥባት ብርጭቆ መሰለች፤ አንድ ጭረት የላትም። ኡበይደላ ከአናቱ ቆሞ ያያል።

"አየህ፣ አብቅቶላታል" አለና ጣሳ ውስጥ ወረወራት።

በሦስተኛው ቀን ኡበይደላ በባዶ መኪና እየተንፏቀቀ መጣ። ወርዶ በሩን አላተመው።

"ተሳፋሪዬን በሙሉ መንገድ ላይ አውርጄ ነው የመጣሁት! ወላሂ ነፍሰ ጡር ነበረችበት! የግራው ጎማ ሊቃጠል ደርሷል፤ እጅ አያስነካም። እኔ እኮ እርስዎን አምኜ ነው!"

ወልዴ መፍቻውን መሬት ላይ ወረወረው። የተናደደው በልጁ አልነበረም። በዚያ አጥር ሥር በወደቀው፣ በዚያች አንዲት ኩሽኔታ፣ ከሁሉ በላይ በገዛ አፉ ነው።

"ግራ ጆሮዬ አይሰማም" አለ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከነሐሴ።"

ኡበይደላ ቁጣው በረድ አለ፤ ቅሬታው ግን አልለቀቀውም። "ታዲያ ምናለ ቢነግሩኝ? ወደ ቀኝ ስታጠፍ ይብስበታል ልልዎ ስል አፌን ዘጉኝ።"

ወልዴ ድንጋይ ላይ ዘጭ አለ። መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ክብደቱ ግራ ጎማ ላይ ይጫናል፤ ያኔ ከጮኸ የታመመው ግራው ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ጆሮም ይበቃል። ለስንት ሰው ያስተማረው ነገር ነው!

መኪናውን በክሪክ አነሣና ጎማው እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ። ከዚያ ጎማውን የያዘው ብረት ላይ መዳፉን ጥሎ ቀኙን አሽከረከረው፤ ለስላሳ ነው። ግራውን ሲያሽከረክር ብረቱ አሸዋ እንደሚፈጭ መዳፉን ነዘረው። ሲፈታው ኩሽኔታው ተጠብሶ ጠቁሯል።

ፊት ላይ በቀኝም በግራም የሚገባው ኩሽኔታ አንድ ዓይነት ነው። ከጣሳው ውስጥ የወረወራትን አወጣና ግራሶ ይቀባት ጀመር።

"አብቅቶላታል ያሏት አይደለችም እንዴ?"

"ዋሸሁህ" አለ ወልዴ ቀና ሳይል።

ገጥሞ ሲጨርስ እስከ መቻሬ ነዱት፤ ኡበይደላ ሆን ብሎ በየመታጠፊያው መሪውን ጠመዘዘ።

"ጠፋ?" አለ ወልዴ።

"ጠፍቷል፣ አልሀምዱሊላህ!"

ድሮ ይህን የሚናገረው እሱ ነበር። አሁን ግን ከጆሮው ፉጨት መሃል የሚሰማውን ራሱ አያምነውም።

ከዚያ ወዲህ ለመጣ ሁሉ አስቀድሞ ይናገራል። አንዳንዱ "እግዜር ይማርህ" ብሎ ወደ ጎረቤት ጋራዥ ይሄዳል፤ ኡበይደላን የመሰለው ይቀራል። ከደጃፍ ሆኖ ይጨርሰው የነበረውን ሥራ አሁን አራቱንም ጎማ አንድ በአንድ አንሥቶ፣ በደረቱ ተኝቶ፣ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል።

"ዋናው ማወቅህ ነው፤ ቢዘገይስ?" ትለዋለች አለሚቱ።

"እንዲህማ ማንም ያውቃል!" ይላታል፣ ግራሶውን ከክርኑ ላይ በንዴት እየፈተገ።