ዓሣ ልንለቅ ወደ ኦስቲያ

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ሮም ውስጥ ለምንሠራ የቤት ሠራተኞች ዕረፍት ነው። ያለፈውን ሐሙስ ያሳለፍኩት ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ካፌ ቁጭ ብዬ ሳይሆን ኦስቲያ ባሕር ዳር ነው። ሰበቡ ጎረቤቴ አቦይ ሐጎስ ናቸው። የምጽዋ ልጅ ናቸው፤ አማርኛውን ከትምህርት ቤት፣ ዓሣ ማጥመዱን ከአባታቸው ተምረዋል። ያጠመዱትን መልሰው መልቀቅ ይወዳሉ። ዓምና ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረና መንጠቆ ሲነቅሉ የአንዷን ዓሣ መንጋጋ ቀደዱት። ከዚያ ወዲህ የማጥመጃ ዘንጋቸውን ከቁም ሣጥን ጀርባ አቁመው ተዉት።

ባለቤታቸው እትዬ ለተብርሃን ደረጃ ላይ አገኙኝና፣ “ብርቄ፣ እባክሽ እጅ ሁኚለት። ቤት ተቀምጦ ሊያልቅብኝ ነው” አሉኝ። እኔ ደግሞ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ በሕይወት ያለ ዓሣ ነክቼ አላውቅም።

በባቡር

በሜትሮ ሄደን ፒራሚዴ ጣቢያ ወርደን የኦስቲያውን ባቡር ያዝን፤ የአንድ ተኩል ዩሮው ቢሊየቶ፣ ትኬቱ ማለት ነው፣ ለሜትሮውም ለባቡሩም ይበቃል። አቦይ ዘንጉን ታቅፈው በመስኮት ጥዶቹን ያያሉ።

“በሁዳዴ ዓሣ ማጥመድ አያስነውርም?” አልኳቸው።

“አሎራ ብርቄ፣ ጾሙ አትብላ አለ እንጂ አትያዝ አላለም” ብለው ሳቁ።

ድንጋዩ ላይ

ከጣቢያው የገዛነውን አይብ የሌለበት ፒዛ ቢያንካ እየገመጥን ማዕበል መከላከያው ድንጋይ ላይ ደረስን። አቦይ መጀመሪያ የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ አስደፈጠጡኝ፤ እሾህ ከሌለው በገባበት ይወጣል። ዓሣ ልይዝበት ፎጣ ሳነሳ ግን ተቆጡ።

“በጨርቅም በደረቅ እጅም እንዳትነኪያት! ገላዋ ላይ ያለው ሙልጭልጭ ነገር ከበሽታ ይጠብቃታል። እጅሽን ባሕሩ ውስጥ ንከሪ።”

ዘንጉን ይዤ ያወጣኋት የመጀመሪያዋ፣ መዳፍ የምታክል ሳራጎ የምትባል ዓሣ ነበረች። ስትፈራገጥ ጮኼ ለቀቅኳት፤ ደግነቱ ውኃ የሞላው ባልዲ ውስጥ ወደቀች። አጠገባችን የሚያጠምድ ሮማዊ “ብራቫ!” ብሎ ሳቀብኝ። አራተኛዋ ላይ ግን ዓሣዋን ከውኃው ሳላወጣ መንጠቆውን ነቀልኩ።

ከዚያ በእጄ የያዝኩት ዘንግ ጎበጠ። በመረብ ያወጣናት ክንዴን የምታክል ስፒጎላ የምትባል ዓሣ ነበረች። መንጠቆው አይታይም፤ ውጣዋለች። ፒንሳውን ልሰድ ስል አቦይ ክንዴን ያዙኝ።

“ተይ! አንጀቷን ታወጪዋለሽ። ክሩን አፏ አጠገብ ቁረጪው። መንጠቆው ውስጧ ቢቀር ይሻላል፤ ብዙዎቹ ከጊዜ በኋላ ይተፉታል።”

ቆርጬ ወደ ውኃው መለስኳት። በጎኗ ተንሳፈፈች።

“ሆዷን ደግፊ፤ አፏን ወደ ማዕበሉ አዙሪ። አትግፊያት።”

ተንበርክኬ ያዝኳት። ጫማዬ ራሰ፤ ጣቶቼ ደነዘዙ። አቦይ አጎንብሰው ዓሣዋን ያያሉ። ዓምና የጎዷትን እያሰቡ እንደሆነ ከፊታቸው አየሁ። ልትሞት ነው ስል መተንፈሻ ስንጥቧ ተከፈተ፤ ተከደነ፤ ደግሞ ተከፈተ። ድንገት በጭራዋ አንጓዬን መታችኝና ተወረወረች።

“ሄደች!” ብለው አቦይ ጮኹ። ሮማዊው አጨበጨበ። አቦይ ዓይናቸውን ጠረጉና ዘንጉን ከድንጋዩ ላይ አነሱ። “ቫ ቤኔ፣ አሁን የእኔ ተራ ነው። እኔ ላጥምድ፤ አንቺ መንጠቆውን ንቀዪ።” ሁለት ጨመርን።

ወደ ቤት

በመመለሻው ባቡር እጄን እያሸተትኩ አሰብኩ። ዓሣ በሕይወት መልቀቅ ጉልበት አይጠይቅም፤ ርጥብ እጅ፣ ትንሽ ትዕግሥት፣ አንዳንዴም ክሩን ቆርጦ መተው ይበቃል። አቦይንም ዓመት ሙሉ “አይዞዎት” ስንላቸው ከረምን፤ ከቤት ያወጣቸው ግን እጅ ያዋሳቸው ሰው ነው።

እትዬ ለተብርሃን በሩን ከፍተው ባልዲውን አዩ።

“ባዶ ነው እንዴ?”

“ሰባት ያዝን” አሉ አቦይ ኮፍያቸውን እየሰቀሉ፤ “ሰባቱም ከእኛ ቀድመው ቤታቸው ገብተዋል።”