ሲቀባበል የሚሰማ ሽጉጥ

ሽጉጡን የገዛሁት የእህቴን ባል ልገድልበት ነው። ለሻጩ «ለቤቴ ጥበቃ» ብዬዋለሁ። ለአንባቢ የምዋሽበት ምክንያት ግን የለኝም።

እህቴ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ከዱክ ስትሪት ገባ ብሎ ካለ አፓርትመንት ትኖር ነበር። እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ። እሷ ክሪስታል ሲቲ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ባሏ ታክሲ ይነዳል፣ ሲያሰኘው። ሲያሰኘው ደግሞ ይደበድባታል። መጀመሪያ በጥፊ ነበር። ከዚያ በቀበቶ። ከዚያ እጁ በገባው ነገር ሁሉ። በደበደባት ቁጥር ልብሷን በላስቲክ ከረጢት ይዛ እኔ ዘንድ ትመጣለች፤ ሳይውል ሳያድር ሽማግሌዎች ይከተሏታል።

ሦስት ነበሩ። አንደኛው በንጉሡ ጊዜ ዳኛ የነበሩ፣ እዚህ አገር ከዘራ እንጂ ችሎት የሌላቸው አዛውንት። ሁለተኛው ቄስ። ሦስተኛው አዳምስ ሞርጋን ምግብ ቤት ያለው፣ ገንዘብ ስላለው ብቻ ሽማግሌ የተባለ ሰው። ሶፋዬ ላይ ተደርድረው ሻዬን እየጠጡ «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» ይላሉ። «እግርና እግር እንኳ ይጋጫል» ይላሉ። እኔ ሻይ እቀዳለሁ። ሽማግሌ ሲናገር ማቋረጥ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ሲጨርሱ በዳኛው መኪና ጭነው ይመልሷታል። መልሰው ካስረከቧት በኋላ «እንዴት አደርሽ?» ብሎ ኮል ያደረገላት ግን አንድም የለም።

የመጨረሻው ጊዜ ባሏ በልብስ ካውያ መንጋጋዋን ሰበረው። ሐኪም ቤት የላይኛውንና የታችኛውን ጥርሷን በሽቦ አሰሩት። «ከደረጃ ወድቄ ነው» አለች፤ እንዲያ በይ ያሏት እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው። እኔ ቤት አምጥቼ አስተኛኋት። ሾርባ በስትሮ ነው የምትመጠው። ስትመጥ ያንገቷ ሥር ይገተራል፣ ሽቦው ከንፈሯን ይቦጭቀዋል፣ ሾርባው ደም ይመስላል። ዳኛው ደወሉ።

«ልጄ፣ የዚህን እሑድ ሳይሆን የሚቀጥለውን እናስታርቃቸዋለን። በቤታቸው ይሁን፤ እዚያው እንድትቀር።»

እህቴ ሰምታለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። እዚያ ቤት ዳግመኛ ከገባች የሚወጣው ሬሳዋ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። በማግስቱ ሽጉጥ ልገዛ ሄድኩ።

ሱቁ ምንጣፍና መብራት ከሚሸጥበት ቤት ጎን ነበር፤ ሳያውቁት የሚያልፉት ዓይነት። ሻጩ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ቦርጫም ነጭ ሽማግሌ ነው። ሌሎቹ ገዢዎች በየሽጉጡ ላይ የተንጠለጠለውን ወረቀት ያነባሉ፣ ደብተር የሚያክል ካታሎግ ያገላብጣሉ። እኔ ያኔ በየትኛውም ቋንቋ ማንበብ አልችልም ነበር። ፊደል የለየሁት ከዚያ ወዲህ፣ ፀጉሬ ሸበት ካለ በኋላ ነው።

«እጅህን አሳየኝ» አለኝ። ዘረጋሁለት። መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ መዳፌን ገልበጥ አድርጎ አየ። «ወፍራም መዳፍ፣ አጭር ጣት። ሽጉጥ እንደ ጫማ ነው፤ ሌላው ሰው አማረበት ተብሎ አይገዛም። ለምንድን ነው የፈለግከው?»

«ለቤት።»

አንዲት ድንክ ስድስት ጎራሽ ጨርቅ ላይ አኖረልኝ። ከኋላ ያለው መዶሻዋ ወደ ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ ልብስ አይጠልፋትም። ጉልበት አትፈልግም፣ አትነክስም፣ ከኪስ ታወጣለህ፣ ምላጩን ትስባለህ፣ አለቀ አለኝ። ባዶዋን ሳብኳት። ጠቅ አለች። እንደ እስክሪብቶ።

«ሌላስ?»

ሌላ አመጣ፤ እሱም ጠቅ። ሌላ። ከዚያ ከታች፣ ከመስታወቱ ጥግ፣ ጥቁር፣ የወታደር፣ ከባድ ሽጉጥ አየሁ። እሱን አልኩት። አወጣና ባዶ መሆኑን ሊያሳየኝ ላዩን ወደ ኋላ ስቦ ለቀቀው። ቀጭ-ቋ! ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቀና አለ።

«ይሄ ነው» አልኩ።

«ይሄ አይሆንህም። ይከብድሃል። ያዘው እስቲ። አየህ፣ ጣትህ ምላጩ ጋ በጭንቅ ነው የሚደርሰው። እጅህ ሲንቀጠቀጥ ጭራሽ አይደርስም። ስድስት ጎራሿን ውሰድ።»

«እሷ ድምፅ የላትም።»

«ስትተኩስ አላት!» ብሎ ሳቀ፤ ቦርጩ ተንቀጠቀጠ።

«ከመተኮሷ በፊት ነው የምልህ።»

መነጽሩን አወለቀ። «ሳትተኩስ በፊት ሰው እንዲሰማህ ለምን ትፈልጋለህ?»

ይህን የማስረዳበት እንግሊዝኛ አልነበረኝም። አማርኛውም የነበረኝ አይመስለኝም።

እኛ አገር ገበያ ውስጥ ወይም ሰርግ ላይ አንድ ሰው ጠመንጃውን ሲያቀባብል አገር ይሰማል። ሴቶች ነጠላቸውን መሬት ይጥላሉ። ጎረምሳው ከኋላ ክንዱን ያቅፈዋል፣ ሽማግሌው ከፊት «በሕግ አምላክ!» ይላል፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ የሚያነሣ አይጠፋም። ያቀባበለውም ሰው ይፎክራል፣ ይፈራገጣል፣ ልቀቁኝ ይላል። የሚለቀው የለም። አባቴ በድንበር ምክንያት ጎረቤታችን ላይ ስንቴ እንዳቀባበለ አላውቅም፤ ሁለቱም አርጅተው በየአልጋቸው ሞቱ። የሚገድል ሰው አያቀባብልም። የሚገድል ሰው ቤቱ አቀባብሎ ይወጣና ገደል አፋፍ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል። ማቀባበል ጠቡ እዚህ ደርሷል፣ ኑ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ሱቁ ውስጥ አላሰብኩም። ያንን ድምፅ ስሰማ ሽጉጤ እሱ መሆኑን አወቅኩ፣ በቃ።

ሻጩ ወረቀቱን እያነበበልኝ ፈረምኩ። ያን ቀን ግን አልሰጠኝም። «ሳምንት ጠብቅ። የሜሪላንድ ሕግ ነው። ሰው በንዴት ከመጣ እንዲበርድለት ነው» አለኝ። አገሩ ገላጋይ የለውም ብዬ ነበር፤ ለካ ገላጋያቸው ሳምንት ነው። እኔን ግን ሳምንቱ አላበረደኝም። በየጠዋቱ ሾርባ ሳሞቅ፣ ስትሮውን በሽቦው መሀል ሳስገባላት፣ እሱን በስንት ዓይነት መንገድ እንደምገድለው አስባለሁ። በካውያ አሰብኩ። በገመድ አሰብኩ። በመኪና ወደ ፊት ከሄድኩበት በኋላ ወደ ኋላ ስመለስበት አሰብኩ። ሌሊት ትታመምና በተዘጋ ጥርሷ ታቃስታለች፤ የታሰረ ውሻ ድምፅ ነው።

ልወስደው ስሄድ ሻጩ የመጨረሻ ምክሩን ሰጠኝ። «አንዱን ጥይት አቀባብለህ አስቀምጥ። ሌባ ሲመጣ ለማቀባበል ጊዜ አታገኝም።» እሺ አልኩት። አላደረግኩትም።

እሑድ፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ሽጉጡን ወገቤ ላይ ሻጥ አድርጌ፣ እህቴን ይዤ ቤልትዌይ በሚሉት ቀለበት መንገድ ወረድኩ። አላወቀችም። መንገዱን ሙሉ ቦርሳዋን ታቅፋ የመኪናውን መስኮት ታያለች።

ሽማግሌዎቹ ረጅሙ ሶፋ ላይ ተደርድረዋል፤ ዳኛው ከመሀል። ባልየው ሱፍ ለብሶ፣ ተላጭቶ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው። እህቴ ከምግብ ጠረጴዛው አንድ ወንበር ስባ ተቀመጠች። እኔ «ተቀመጥ እንጂ» ቢሉኝም ቆምኩ።

ቄሱ ጸሎት አደረጉ። ዳኛው ጀመሩ። «አንተ ጥፋተኛ ነህ። እጅህን መሰብሰብ አለብህ። አንቺም ልጄ፣ ወንድ ደክሞት ሲገባ ምላስሽን…»

«ሰይጣን ነው» አሉ ቄሱ።

«አዎ አባ፣ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» አለ ባልየው። «ግን እሷም ነገር ትቆሰቁሳለች። ሸሚዝ ተኩሺ ማለት ምኑ ነው ኃጢአቱ?»

«እንግዲህ ከዚህ በኋላ አትቆሰቁስህም» አለ የምግብ ቤቱ ሰውዬ። «አፏ በሽቦ ታስሯል! እንዲህ ያለ ሽቦ የት እንደሚሸጥ ንገረኝና እኔም ለቤቴ ልግዛ!»

ሳቁ። ቄሱ እንኳ ከንፈራቸውን ሸፍነው ሳቁ። ባልየው ከሁሉም አብልጦ ሳቀ። ዳኛው ከዘራቸውን መሬት መታ መታ አድርገው «በሉ፣ ተነሡና ተሳሳሙ» አሉ። እህቴ ተነሣች። በዚያ መንጋጋ ልትስመው ነው።

ሽጉጡን አወጣሁና አቀባበልኩ።

ቀጭ-ቋ!

ከዚያ ቆምኩ። ክንዴ እስኪታቀፍ ነበር የቆምኩት። ዳኛው ብድግ አሉ፤ መጡልኝ ብዬ ደረቴን ሰጠኋቸው። በጎኔ እንደ ነፋስ አለፉ። ከዘራው ወደቀ። ቄሱ ተከተሏቸው። የምግብ ቤቱ ሰውዬ ሁለቱንም ቀድሞ መታጠቢያ ቤት ገባ፤ ሦስቱም እንደገቡ በሩ ከውስጥ ተቆለፈ። ሦስት ሽማግሌ፣ አንድ ሽንት ቤት።

እህቴ እኔን አየች። እሱን አየች። ከዚያ ወንበሯን በሁለት እጇ አንሥታ፣ ከመሀላችን ዞር ብላ፣ ኩሽናው በር ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። መንገዱን ለቀቀችልኝ።

ባልየው መጀመሪያ ገረጣ። ቀጥሎ የመታጠቢያ ቤቱን በር አየ፣ እኔን አየ። ያገሬ ልጅ ነውና የጠበቅኩትን ነገር አወቀብኝ። ፈገግ አለ።

«ያዙኝ ልቀቁኝ ልትል ነበር? የሚይዝህ የለም እኮ። በል፣ ወንድ ከሆንክ ተኩስ።»

ጣቴን ወደ ምላጩ ሰደድኩ። ሻጩ እንዳለው በጭንቅ ነው የደረሰው፤ ለመሳብ አልበቃም። ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ ነው። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ የሚይዘኝ አጣሁ፤ ራሴንም መያዝ አልቻልኩም። ተንደርድሬ በብረቱ መታሁት። እጁን ሲያነሣ መጀመሪያ የተሰበረው እጁ ነው። ሁለተኛው ምት መንጋጋው ላይ አረፈ፤ ደረቅ እንጨት ሲገነጠል የሚሰማው ድምፅ ተሰማ። በሦስተኛው ሽጉጡ ባረቀ። ጥይቱ ሶፋውን፣ ዳኛው ተቀምጠውበት የነበረውን ቦታ፣ ልክ ከመሀሉ በሳው። ጥጡ እንደ ላባ በነነ።

ከመታጠቢያ ቤት የቄሱ ድምፅ መጣ፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ…»

«ዝም ይበሉ አባ!» አሉ ዳኛው በሹክሹክታ፤ ቤቱ ሁሉ የሚሰማው ሹክሹክታ። «እዚህ እንዳለን ያውቃል!»

የምግብ ቤቱ ሰውዬ ያለቅሳል። ባልየው አልሞተም፤ ምንጣፉ ላይ ተጠቅልሎ ጥርሱን ይተፋል። ረገጥኩት። ጎኑን፣ ጀርባውን፣ ያገኘሁትን። እስክታክት ረገጥኩት።

«በቃ ጋሼ» አለች እህቴ በተዘጋ ጥርሷ። «ደክሞሃል።»

ተነሥታ ወደ ስልኩ ሄደች። ስንት ጊዜ ተደብድባ ያላነሣችውን ስልክ አንሥታ ፖሊስ ጠራች። ፖሊሶቹ ገብተው መጀመሪያ እኔን ጣሉኝ። ከዚያ መታጠቢያ ቤቱን አስከፈቱና፣ ማን ምን እንደሆነ ስላላወቁ፣ ሦስቱንም ሽማግሌዎች ኮሪደሩ ላይ በሆዳቸው አስተኝተው ካቴና አስገቡባቸው። አንዲት ሴት ፖሊስ እህቴን ለብቻዋ ይዛ መንጋጋዋን ጠየቀቻት። እህቴ ደረጃ አላለችም። ቃሬዛ ላይ ወዳለው ሰውዬ ጠቆመች።

እኔ ታሰርኩ። እሱም ከሐኪም ቤት ሲወጣ ታሰረ። ስለ እስር ቤቱ የምለው የለኝም፤ ምግቡ ከእህቴ ሾርባ ይሻላል።

ባልየው ተፈትቶ ሲወጣ እንደ ልማዱ ሽማግሌ ፍለጋ ተነሣ። ስካይላይን ሰፈር ያሉትን ለመነ፣ ቤተ ክርስቲያን ያሉትን ለመነ። «እዚያ ቤት? ልጆች አሉኝ!» አሉት። ያችን ሴት ለማስታረቅ ሶፋ ላይ የሚቀመጥ ሰው ከአሌክሳንድሪያ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ጠፋ። ስንት ዓመት አልቅሳ ያላገኘችውን ያገኘችው እንዲህ ነው። እሱን አላስፈራሁትም፤ እነሱን ነው ያስፈራሁት። ለሚገድላት ሰው እጇን ይዞ የሚያስረክብ ሲጠፋ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ሄደና ትዳሩ በአንድ ጠዋት ፈረሰ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እኔም ተፈትቼ ከእህቴ ጋር ስንኖር፣ አንድ አውቶቡስ ነጂ ወደዳት። ጨዋ ሰው ነው፤ ወግ ያውቃል፤ ለጋብቻ ሽማግሌ ሊልክ ፈለገ። ያው ሆነበት፣ የሚሄድለት አጣ። አንድ እሑድ ብቻውን፣ ክራባት አድርጎ፣ ብርቱካን ይዞ ደጄ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሽማግሌ አጥቼ ነው» አለኝ።

«ኩሽና ናት። ራስዋን ጠይቃት» አልኩት።

ገብቶ ጠየቃት። ቆማ ሰማችው፤ ብርቱካኑን ተቀበለችው፤ «አስብበታለሁ» አለችው። መንጋጋዋ ጠሞ ስለቀረ ቃሉ በአንድ ጎን ነው የሚወጣው። ሰውዬው በየእሑዱ ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይሄዳል። እሷ ታስባለች።

በቀደም ሲወጣ በሩ ላይ ያዘኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ አንድ ቃል ቢሏት?»

«እኔ ሽማግሌ አይደለሁም» አልኩት።