መኪናው ወንዝ ዳር ሲቆም

የታሰርኩባት ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበረች። ግድግዳው የዩሪያ ሽታ ይዞ ስለቀረ፣ የገባሁ ቀን ዓይኔ እስኪያለቅስ አቃጠለኝ። ሰቆጣ የመጣሁት ለሥራ ተመድቤ ነው፤ በከተማው ዘመድ የለኝም። ከቢሮ ሲወስዱኝ ስልኬን ተቀበሉኝ፤ ምክንያቱን አልነገሩኝም። አብረውኝ የታሰሩት ሴቶች ግን ገና በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር በሹክሹክታ ነገሩኝ። በመኪና ወደ ወንዙ የተወሰደ ሰው አልተመለሰም።

አንድ የታኅሣሥ ጠዋት፣ ገና ሽንት ቤት ሳንወጣ፣ እኔንና አንዲት አሮጊትን ጠሩን። አሮጊቷ የዚያው አካባቢ የዝቋላ ወረዳ ሰው ናቸው፤ የታሰሩት ልጅዎ ጫካ ገብቷል ተብለው ነው።

"ወዴት ነው?" አሉ።

"ውጡ ብቻ" አላቸው ጠባቂው።

ፒካፕ ላይ ከኋላ ተቀመጥን። ጠባቂው መሣሪያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ፊት ለፊታችን ሆነ። ቁሩ ጆሮዬን አደነዘዘው። ቁልቁለቱን ስንጨርስ አየሩ ሞቀ፤ መንገዱም ከወንዙ ጋር ጎን ለጎን ሆነ። ውኃው በበጋው ቀንሶ በአሸዋው መሐል ቀጥኖ ይሄዳል። ማዶ ፍየሎች ይጠጣሉ፤ የሚጠብቃቸው ሰው ግን አልታየኝም። ሰው የሌለበት ቦታ ሁሉ ለእኛ የተመረጠ መሰለኝ። መንገዱ ከውኃው ሲርቅ እተነፍሳለሁ፤ ሲጠጋ ትንፋሼን እይዛለሁ።

አሮጊቷ ለጠባቂው በኽምጣኛ አንድ ነገር አሉት። መለሰላቸው። ደገሙለት። ቋንቋውን አልችልም። ጠባቂው የመኪናውን ጣሪያ በመዳፉ መታ። መኪናው ቆመ።

"ውረዱ።"

ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም። አሮጊቷ ክንዴን ይዘው አወረዱኝ።

"እዚህ ነው?" አልኳቸው።

"ምኑ?"

"የሚገድሉን።"

ቆም ብለው አዩኝ። "እኔ ሽንቴ መጥቶ ነው ያስቆምኩት፣ ልጄ። ሌላውን እኔም አላውቅ።"

ጠባቂው አሸዋው ላይ ተከትሎን መጣና "እዚሁ" አለ።

"ፊትህን አዙር" አሉት በአማርኛ።

"አልችልም። ብታመልጡ ተጠያቂው እኔ ነኝ።"

"በዚህ ጉልበት? ወንዙን ልዋኝልህ?"

ሾፌሩ ከውስጥ ሳቀ። ጠባቂው አልሳቀም፤ አልዞረምም። አሮጊቷ ቀሚሳቸውን በሁለት እጃቸው እንደጨበጡ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እንዲያ አንገታቸውን ሲደፉ አላየኋቸውም ነበር።

ነጠላዬን አወለቅሁና ዘረጋሁት። ጨርቁ ስስ ነው፤ ያሳያል።

"ፊትዎን ያዙሩልን" አልኩት። ድምፁ የእኔ አልመስል አለኝ።

"አንቺ ብትሮጪስ?"

"እሳቸውን ትቼ የት እሮጣለሁ?"

አየኝ። መሣሪያውን ከአንዱ ትከሻው ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ ዞረ።

አሮጊቷ እንደጨረሱ ነጠላውን ከእጄ ተቀብለው እሳቸው ዘረጉት። "ያንቺ ተራ" አሉኝ። "ከጠዋት ጀምሮ ከንፈርሽን ስትነክሺ ያላየሁ መሰለሽ?"

ቁጢጥ አልኩ። ጀርባዬ ጥይት እየጠበቀ ስለነበር ሽንቴ አልመጣ አለኝ። እሳቸው ምን እንደገባቸው እንጃ፣ ጠባቂውን በኽምጣኛ ጮክ ብለው ያወሩት ጀመር። የእኔ ድምፅ በእሳቸው ድምፅ ውስጥ ጠፋ። ያኔ ቀለለኝ።

እንደገና ተሳፈርን። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ወንዙም ገና አላለቀም ነበር። ከሰዓት በኋላ የተዛወርንበት የሌላ እስር ጣቢያ የቆርቆሮ ጣሪያ ከሩቅ ሲታየኝ እንባዬ መጣ። እስር ቤት አይቼ ደስ ብሎኝ ያውቃል ብል ማን ያምነኛል?

አሮጊቷ ቀድመውኝ ተፈቱ፤ እኔም ቆይቼ ወጣሁ። አሁን ሥራዬ ላይ ነኝ። ለመስክ ሥራ ስንወጣ መኪናው ወንዝ ዳር ከቆመ አልወርድም፤ ባልደረቦቼ መንገዱ የሚያመኝ ይመስላቸዋል፤ አላርማቸውም። የዚያን ጠባቂ ፊት ለማስታወስ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም። ዛሬ ገበያ ውስጥ ትከሻዬን ገፍቶኝ ቢያልፍ አላውቀውም። የቀረልኝ ማጅራቱ ብቻ ነው፤ ፀሐይ ያጠቆረው፣ እኛ እስክንጨርስ አንድ ጊዜ እንኳ ዘወር ያላለው።