እንጉዳይ ከነእግሩ

የይመኙሻል ቤት ከአንኮበር ከተማ በታች፣ ጥዱና ወይራው ከሚጀምርበት ዳገት ጥግ ነበር። በክረምት ጉሙ ከቆላው ተነሥቶ ሽቅብ ሲወጣ፣ ከደጃፏ ቆማ የራሷን አጥር ማየት ያቅታታል። ያም ሆኖ ጉም ከጫካ አስቀርቷት አያውቅም። ሐምሌ ገብቶ ሌሊት የዘነበው ጠዋት ካባራ፣ ነጠላዋን ታጥቃ፣ ቅርጫቷንና ጫፉ የሾለ የወይራ እንጨቷን ይዛ ትወጣለች። ስትመለስ ቅርጫቱ በቅጠል ተሸፍኗል፤ ከቅጠሉ ሥር አፈር አፈር የሚሸት እንጉዳይ አለ።

በዚያ አገር እንጉዳይ የሚበላ ሰው ጥቂት ነበር። ብዙው ሰው ከመሬት የበቀለውን ባለቆብ ሁሉ የጅብ ጥላ ብሎ በእግሩ እየመታ ያልፋል። ይመኙሻል ግን ዕውቀቱን የወረሰችው ከእናቷ ከበሰለች ነው። በሰለች ልጇን ስታስተምር ከሁሉ አስቀድማ የነገረቻት፣ እንጉዳይ አይቆረጥም፣ ይነቀላል ብላ ነው። እንጨቱን ከጎኑ ሰክቶ፣ አፈሩን ቀስ ብሎ አንሥቶ፣ እግሩን እስከ ታች ማየት ነው። ከሁሉ የከፋው የጅብ ጥላ እግሩን አፈር ውስጥ በነጭ ከረጢት አቅፎ ይደብቃል። ከላይ ሲያዩት ከመልካሙ የበለጠ ያምራል። ሌላም ሌላም ምልክት ነበራት፤ የቆቡ ሽታ፣ ከቆቡ ሥር ያለው ሽንሽን፣ አብሮት የበቀለው ሣር። ነገር ግን እግሩን ካላየች የቀረውን ለማየት አትደክምም።

ባሏ አበባው የንጉሡ ግቢ ድንኳን ጫኝ ነበር። ግቢው ከአንኮበር ወደ እንጦጦ መመላለስ በጀመረ ጊዜ ቆላ ወርዶ ንዳድ ያዘውና ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። ከእሱ የቀረላት ጠባብ የባቄላና የገብስ ማሳ፣ ሁለት በግና በቅዱስ ሚካኤል ማኅበር የነበረው ቦታ ነው። ማኅበሩ በየወሩ በአሥራ ሁለት በተረኛው ቤት ይሰበሰባል። ተረኛው ዳቦ፣ ጠላና ወጥ ያቀርባል፤ በመጨረሻም ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። የይመኙሻል ወር ነሐሴ ነበር። የነሐሴው ሚካኤል በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ወጡ የባቄላ ወይም የአተር ነው።

በዚያ ዓመት ውርጭ ባቄላዋን መታው። ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን፣ ጽዋው ለእሷ ሊሰጥ ሲል፣ የማኅበሩ መሪ ሙሴው ኃይለ ገብርኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይመኙ ልጄ፣ ማሳሽን አይተናል። ዘንድሮ ይለፍሽ። ነሐሴን እኔ ደርቤ እደግሳለሁ።»

የተናገሩት በደግነት ነው። ይመኙሻል ግን ደንገጥ አለች። አበባው በሕይወት ሳለ ከእሱ ጋር አብልታ፣ አጠጥታ የገባችበት ማኅበር ነው። አንድ ጊዜ ተራዋ ከታለፈ፣ ከዚያ በኋላ የሚታዘንላት መበለት ሆና ጥግ መቀመጧ ነው።

«ዳቦና ጠላ አለኝ ጋሼ» አለች።

«ወጡስ?»

«ወጡን ከጫካ አመጣለሁ።»

«የጅብ ጥላ ልታበዪን!» አለ ዘርአ ዳዊት። የማኅበሩ ቀልደኛ እሱ ነው። «ፍልሰታ አይደል እንዴ? እመቤታችንን ተከትለን እንድናርግ ነዋ!»

ቤቱ ሙሉ ሳቀ። ይመኙሻልም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ሳቀች። ቄሱ አባ ወልደተንሣኤ ግን አልሳቁም።

«ልጄ፣ ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፍሽ ውኃም አይነካም። ሳትቀምሺ መልካሙን ከክፉው በምን ትለዪዋለሽ?»

«ቀምሼ ለይቼ አላውቅም አባቴ። ክፉውም ይጣፍጣል ይባላል። በልቶት የተረፈ ግን ስለሌለ እርግጡን የነገረን የለም። እኔ የምለየው በእግሩ ነው።»

የዘርአ ዳዊት ሳቅ ቀጥ አለ። አባ ወልደተንሣኤ ትንሽ አሰቡና ጽዋውን ባርከው ሰጧት።

ነሐሴ ገባ። በዓሉ ሲቃረብ የአበባው ታላቅ እኅት ደመቀች ከእነዋሪ ልትረዳት መጣች። ደመቀች ያገባችው በሜዳው አገር ነው፤ በዚያ ዛፍ ብርቅ ነው፤ እንጉዳይ የሚለቅም ሰውም አይታ አታውቅም። እጀ ቀልጣፋና ንጽሕና ወዳጅ ናት። እንስራውን ውጭውንም ውስጡንም ሳታጥበው ውኃ አትቀዳበትም፤ የሌላ ሰው ደጅ እንኳ ቆሻሻ ካየች መጥረጊያ ታነሣለች።

የሚካኤል ዕለት ሲነጋ ሁለቱም ወደ ጫካው ወጡ። ከዛፎቹ ላይ የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ውኃ ያንጠባጥባል። ጉሬዛዎቹ ከዝግባው ጫፍ ሆነው ይጮኻሉ። ይመኙሻል አንድ መልካም እንጉዳይ አግኝታ ነቀለችና ለደመቀች አሳየቻት።

«እንዲህ ያለውን ነው እትዬ።»

ከዚህ በላይ አልተናገረችም። የባሏ ታላቅ ናት፤ እንዲህ ያድርጉ፣ እንዲያ አያድርጉ ብሎ ታላቅን ማስተማር አሳፈራት። ሲነቀል ያዩ ሁሉ ይነቅላሉ ብላ አሰበች። ደመቀች በግራው ተረተር፣ እሷ በቀኙ ሄዱ።

ቤት ተመልሰው ሁለቱን ቅርጫቶች ጎን ለጎን አስቀመጡ። የይመኙሻል ግማሽ ነው፤ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። የደመቀች እስከ አፉ ሞልቷል፤ በምንጩ ውኃ ታጥቦ፣ እንደ ተፈተገ ገብስ ነጭ ሆኖ፣ ቆቡ ብቻ ተደርድሯል።

«ወደ ድስት የሚገባ እንዲህ ነው!» አለች ደመቀች ወገቧን ይዛ። «ያንቺማ ፍልፈል የቆፈረው ይመስላል።»

ይመኙሻል አንዱን አነሣች። ገለበጠችው። ሌላውን አነሣች።

«እትዬ፣ እግሩስ?»

«እግሩማ ጭቃ ነው። እዚያው በቢላ ቆርጬ ተውኩት።»

ይመኙሻል ቅርጫቱን ወደ ደጃፉ ብርሃን አውጥታ ቆቦቹን አንድ በአንድ አየች። ሁሉም ገና ለጋ ናቸው፤ ሲያድጉ በቀለሙ የሚለየው ሽንሽን ገና ነጭ ነው። ሽታቸውን ደግሞ ውኃው ወስዶታል። ከቤተ ክርስቲያን በኩል ደወል ተሰማ፤ ቅዳሴ ሊገባ ነው። ቅዳሴው ሲወጣ ማኅበርተኛው ሁሉ በዚህ ደጅ ይገባል።

«ይሄ ድስት አይገባም እትዬ።»

«ምን አልሽ?»

«የማላውቀው ነው።»

«ያሳየሽኝን እኮ ነው የለቀምኩ! ዓይኔ ጠፍቷል?»

«ያሳየሁዎትን ነው የለቀሙት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አይቆረጥም ብዬ በአፌ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር።»

«ታዲያ የወንድሜ ማኅበር ደረቅ ዳቦ ይብላ በያ! በበዓሉ ቀን፣ በአበባው ቤት!»

ይህ ቃል ይመኙሻልን ወጋት። ቢሆንም ቅርጫቱን አንሥታ ከጓሮ ወጣች። ጉድጓድ ቆፈረች፤ ያን ሁሉ ነጭ እንጉዳይ ደፋችው፤ በጎቹ እንዳይነኩት በአፈርና በአመድ ሸፈነችው። ስትመለስ ደመቀች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች።

«ይነሡ እትዬ። የቆረጡበትን ያሳዩኝ።»

«ከደፋሽው በኋላ ምን ይረባሻል?»

«እግሩ እዚያው ቆሟል። እርስዎም እኔም እርግጡን እንወቀው።»

ደመቀች እያጉረመረመች ተነሣች። ወደ ግራው ተረተር ወጡ። ከዝግባው ሥር፣ በረገፈው ቅጠል መካከል፣ የተቆረጡት እግሮች እንደ ጥርስ ብቅ ብቅ ብለዋል። ይመኙሻል ተንበርክካ እንጨቷን ከመጀመሪያው ጎን ሰካች። እግሩ ንጹሕ ነው። ሁለተኛውም ንጹሕ ነው። ቀጠለች፤ አሁንም ንጹሕ።

«አየሽ! አየሽ!» አለች ደመቀች ከላይዋ ቆማ። «ልፋቴን ለአመድ ሰጠሽው!»

ይመኙሻል ወደ ዝግባው አሮጌ ሥር ተጠጋች። እዚያ ለብቻው የቆመ አንድ እግር ነበረ። አፈሩን ቀስ ብላ አነሣች። እግሩ ጫጩት የወጣችበት የእንቁላል ቅርፊት በመሰለ ነጭ ከረጢት ውስጥ ተተክሏል።

ደመቀች እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ስንት ነው እንዲህ ያለው?» አለች በቀጭን ድምፅ።

የቀሩትን ሁሉ ነቅለው አዩ።

«ይሄ አንዱ ብቻ ነው» አለች ይመኙሻል። «አንዱ ይበቃል።»

ደመቀች ነጠላዋን አጥብቃ ታጠቀች። ያን እግር በሰፊ ቅጠል ጠቅልላ ራሷ ያዘችው። በመንገዳቸው ላይ ጥቂት መልካም እንጉዳይ ሲያገኙ፣ ከይመኙሻል እጅ እንጨቱን ተቀብላ ነቀለች፤ እያንዳንዱን ከነጭቃው አሳየቻት።

ቤት ደርሰው እሳቱን አነደዱ። ሽንኩርቱ በኑግ ዘይት ቁሌት ሆነ፤ በርበሬው ገባ፤ እንጉዳዩ ታጥቦ፣ በእጅ ተሰንጥቆ ተጨመረ። ጨዉን ይመኙሻል ሳትቀምስ በመዳፏ ለክታ አደረገችው። ወጡ ድስቱን ግማሽ እንኳ አልሞላውም።

ማኅበርተኛው ከቅዳሴ መጣ፤ ጸሎቱ ደረሰ፤ ዳቦው ተቆረሰ። ይመኙሻል ወጡን ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጭልፋ ስታወጣ፣ ሙሴው ወደ ድስቱ አየት አድርገው ዓይናቸውን መለሱ። ስለ ማነሱ ልትናገር አፏን ስትከፍት ደመቀች ቀደመቻት።

«ጌቶቼ፣ ወጡ ያነሰው በኔ ምክንያት ነው። ሙሉ ቅርጫት ለቅሜ መጥቼ ነበር፤ እግሩን ቆርጬ ትቼ ስለመጣሁ ሁሉንም ደፋችብኝ። ሰደብኳት። ከዚያ ሄደን ያገኘነው ይሄውላችሁ።» ቅጠሉን ፈታ አሳየች።

ዘርአ ዳዊት አንገቱን አስግጎ ተመለከተ።

«የሚያሳርገው ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«እንግዲያስ አነሰ የሚል ሰው በዚህ ቤት የለም!» አለና ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ሳቁ እንደ ገና ቤቱን ሞላው።

ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ይመኙሻል እንደ አስተናጋጅ ወግ ከድስቱ በዳቦ ጠቅሳ፣ ሁሉም እያያት የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጎረሰች። ጨዉ ልክ ነበር። ከእሷ ቀጥለው አባ ወልደተንሣኤ ባርከው ቀመሱ፤ ከዚያ ሁሉም።

«አባ፣» አለ ዘርአ ዳዊት ጣቱን እየላሰ፣ «ሥጋ ሥጋ አለኝ። ንስሐ ልገባ ነው?»

«ጣትህን መላስህን ተውና ዝም ብለህ ብላ» አሉት።

የመስከረም ተረኛ ዘርአ ዳዊት ነበርና ጽዋውን እሱ ተቀበለ። ሊወጡ ሲሉ ሙሴው ኃይለ ገብርኤል ደጃፉ ላይ ቆም አሉ።

«ይመኙ፣ ሐምሌ ላይ ይለፍሽ ያልኩት ቀርቷል። ነሐሴ ያንቺ ነው፤ ማንም አይነካብሽም።»

ነሐሴን እስከ እርጅናዋ ይዛ ኖረች። ባቄላዋ ባማረበት ዓመት እንኳ ማኅበሩ የሚጠይቃት እንጉዳዩን ነበር።

ከዚያ ነሐሴ በዓመቱ ደመቀች በፍልሰታ ተመልሳ መጣች። ከእነዋሪ ድረስ በብብቷ የያዘችው አንድ ሹል እንጨት ነበር።

«በዚያ ሜዳ ይህን እንጨት ከየት አገኙት እትዬ?» አለቻት ይመኙሻል።

«የባሌን አሮጌ ድግር ጠርቤ ነዋ። በምን አርሳለሁ ብሎ ሲጮህ ትቼው መጣሁ» አለችና፣ ሳትቀመጥ፣ ቅርጫቱን ከተሰቀለበት አወረደች።