ብርድ ልብስ የለበሰ ቲማቲም

ሰሞኑን ልጄ ለዩኒቨርሲቲ ጥናቷ የየአገሩን የቲማቲም ምርት በኮምፒውተሯ ስታሳየኝ አመሸች። ቻይና ከላይ ተሰቅላለች፣ ህንድ ትከተላታለች፤ የኛ አገር መስመር እታች ይድሃል። ደቡብ አፍሪካ ላይ ስትደርስ፣ «እዚህ ውስጥ የወንድሜ እጅ አለበት» አልኳት።

«ማሚ፣ ዳታ እኮ ነው፣ ተረት አይደለም» ብላ ሳቀችብኝ።

ያኔ ልጅ እግር ነበርኩ፤ እዚያው ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ከተማ፣ ሜይፌር ሰፈር ከታላቅ ወንድሜ ከጋሼ ደምሴና ከሚስቱ ከእትዬ አስናቀች ጋር እኖር ነበር። ጋሼ ከጀፕ ጅምላ ሱቆች ብርድ ልብስ እያነሳ ክሊፕታውን በሚባል ሰፈር ቤት ለቤት ይሸጣል። ልቡ ግን መቂ፣ ቲማቲም ማሳው ላይ ቀርቷል። መሬት ተከራይቼ ልረስ እያለ ሲነዘንዛት እትዬ ሰልችቷት፣ መጀመሪያ ጓሮ ሞክር፣ ካፈራልህ አብሬህ ገጠር እገባለሁ፣ ካላፈራ ግን የመሬት ወሬ በዚህ ቤት አይነሳም አለችው።

ከመቂ ባመጣው ዘር ያፈላውን ችግኝ ሰኔ ላይ ተከለ። እኛ አገር ቲማቲም በበጋ፣ በመስኖ ነው የሚያምርበት፤ ዝናብ ያበሰብሰዋል። ጆበርግ ደግሞ ሰኔ ጠብታ የለም፣ ሣሩ ሁሉ ገለባ ይሆናል። ለጋሼ ይኸ ደግ በጋ ነበር። አንድ ማለዳ ስንነሳ ጓሮው በውርጭ ነጥቷል፤ ፀሐይ ሲነካው ችግኙ የተቀቀለ ጎመን መሰለ። ጎረቤታችን ማ ኖምሳ በአጥሩ ብቅ ብላ፣ ሃው፣ በዚህ ብርድ እኛስ መች እንወጣለን፣ ቲማቲም በመስከረም፣ ዝናብ ሲገባ ነው አለችው።

ሌላ ሰው ቢሆን ይተው ነበር። እሱ መስከረም ላይ የቀረችውን ዘር ደገማት። ዝናቡን እየፈራ፣ ቅጠል እያገላበጠ፣ የማያውቀውን ሰማይ ያጠና ጀመር።

ፍሬው ሊቀላ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ፤ የጆበርግ በረዶ የመኪና መስታወት ይሰብራል። ጋሼ ለገበያ ያስቀመጠውን ብርድ ልብስ ተሸክሞ ወጣ። ብቻውን ሊዘረጋው ሲታገል እትዬ ከበሩ ላይ አየችው።

«ደምሴ፣ እኔ ሲበርደኝ ከዚህ አንዱን አልብሰኸኝ ታውቃለህ?»

ይህን እያለች ግን በባዶ እግሯ ወጥታ ሌላውን ጫፍ ይዛለች። እኔም መሀሉን ያዝኩ። በረዶው ጀርባችንን ወቀጠን፣ ብርድ ልብሱ ጨቀየ፣ ቲማቲሙ ተረፈ።

መጀመሪያ የቀላውን እትዬ ራሷ ቀጠፈችው። እዚያው ቆማ፣ በጨው ብቻ፣ ጭማቂው በክንዷ እየወረደ በላችው። ከዚያ አፏን ጠረገችና፣ «ታዲያ መቼ ነው የምንገባው?» አለችው።

ዛሬ ሁለቱም ሊምፖፖ ገጠር ገብተው ያርሳሉ። አባታችን ያስተማረው ወቅት እጁ ላይ ሲሞትበት፣ በዚያ የጎልማሳ ዕድሜው ጎረቤት ጠይቆ በጋን ከክረምት እንደ አዲስ መለየት መጀመሩ እስካሁን ይገርመኛል። ይህ የምኖርበት የሰው አገር አላወቀኝም ብዬ ልማረር ስል እሱ ትዝ ይለኛል፤ እኔስ አውቄዋለሁ ወይ እላለሁ።